የኮሪያን ባህል በፊልም፣ በማዕድና በጉዞ ማወቅ፦ ለሙስሊሙ ምን ይጠቅመዋል? የቱስ ጋ ይጠንቀቅ?



የኮሪያ ድራማ ወደ ቤታችን ከገባ ሰንብቷል። እህቶቻችን ግማሹን ንግግር ያለ ትርጉም መስማት ጀምረዋል። ወንድሞቻችንም «እኔ እንኳ አላይም» እያሉ የታሪኩን መጨረሻ ከሁሉም ቀድመው ያውቁታል። ከዚሁ ጎን ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደቡብ ኮሪያ የሚጓዙ ወጣቶች አሉን። በመሆኑም ሁለት ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። አንደኛው የወላጆች ነው፤ «ይህ ነገር ልጆቻችንን ወዴት እየወሰዳቸው ነው?» ሁለተኛው የተጓዦች ነው፤ «እዚያ ሄደን ምን እንበላለን? የትስ እንሰግዳለን?»

ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ መመለስ አይቻልም። ዛሬ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያየው ልጅ ነገ አውሮፕላን የሚሳፈረው እሱ ነውና። አንድን ሕዝብ ማወቅ በራሱ ነውር የለበትም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ የሰውን ልጅ ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገው እንዲተዋወቁ መሆኑን ነግሮናል። የሚያስፈልገው የምናየውን አውቆ ማየት፣ የምንበላውን አውቆ መብላት ነው። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመስኮቱ የሚታየው

የኮሪያን ማዕድ ለማወቅ ለሚሻ ሰው «ዴ ጃንግ ግም» ከተሰኘው ተከታታይ ድራማ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለንም። በ2003 መታየት የጀመረ ሲሆን 54 ክፍሎች አሉት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጆሶን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከወጥ ቤት አገልጋይነት ተነሥታ ንጉሡን እስከማከም ስለደረሰች ሴት ይተርካል። ምግብና መድኃኒት አንድ ምንጭ አላቸው የሚለው የኮሪያውያን እምነት በየክፍሉ ይታያል፤ የትኛው ቅጠል ከየትኛው ዓሣ ጋር እንደሚስማማ፣ ጨው መቼ እንደሚነሰነስ፣ እንስራ ውስጥ የተቀበረው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ። ድራማው ኢራን ውስጥ እጅግ ብዙ ተመልካች አግኝቶ ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። መምህርና ተማሪ፣ እናትና ልጅ፣ አደራና ክህደት የሚሉት ጉዳዮች ሙስሊም ቤተሰብ አብሮ ተቀምጦ ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው።

በ2019 የወጣው የቦንግ ጁን ሆ ፊልም «ፓራሳይት» ሌላ ዓይነት ነው። በ2020 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት አራት ሽልማቶችን ወስዷል፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የምርጥ ፊልምን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ፊልምም ነው። ለዐዋቂ እንጂ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ከፊልሙ ግን አንድ ትዕይንት እንጥቀስ። የሀብታሙ ቤት እመቤት ለልጇ ሁለት ዓይነት ርካሽ የፓኬት ኑድል ተቀላቅሎ እንዲሠራላት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ውድ የኮሪያ በሬ ሥጋ እንዲጨመርበት ሠራተኛዋን ታዝዛለች። ኑድሉን ማንም ድሃ ይበላዋል፤ ሥጋውን ግን የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። በአንዲት ሳህን የአገሩ የኑሮ ልዩነት ይታያል። ኮሪያ በድራማው እንደሚታየው ሁሉም ሰው የሚያብረቀርቅ ፎቅ ላይ የሚኖርባት አገር እንዳልሆነች ለማወቅ ይህ ይጠቅማል።

በ2021 የተለቀቀው «ስኩዊድ ጌም» ውስጥ አሊ የሚባል ፓኪስታናዊ ሠራተኛ አለ። የተጫወተው ሕንዳዊ ተዋናይ ነው። አሊ ወደ ሞት ጨዋታው የገባው አሠሪው ለወራት ደሞዙን ስለከለከለው ነው። ዐረብ አገር ሠርተው የላባቸውን ሳይከፈሉ የተመለሱ እህቶችና ወንድሞች ላሉን ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ተከታታዩ በግድያና በደም የተሞላ በመሆኑ ለልጆች አንመክረውም። ግን ባለጸጋ በሆነች አገር አንድ ሙስሊም የጉልበት ሠራተኛ እንዴት ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል፤ እንደ አሸባሪ ወይም እንደ መሳለቂያ ሳይሆን እንደ አባወራና እንደ ቅን ሰው መቅረቡም በዓለም ፊልም ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው።

ጥንቃቄውን እንናገር። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ድራማዎች የፍቅር ታሪኩ ያለ ገደብ ነው። ከዚያ ይልቅ ሳይታወቅ የሚገባው ግን አረንጓዴው ጠርሙስ ይመስለናል። ጀግናው ሲያዝን ሶጁ ይጠጣል፣ ሲደሰት ሶጁ ይጠጣል፣ አለቃው ሲጋብዘው ሶጁ ይጠጣል። በመሳሳም ትዕይንት ፊቱን የሚያዞር ልጅ በመጠጡ ትዕይንት ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ወላጅ አብሮ ተቀምጦ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢያወራበት ስልክ ከመንጠቅ የበለጠ ሥራ ይሠራል። በመምህርነት ዓመታት የታዘብነውም ይህንኑ ነው፤ የተነጠቀ ልጅ ጎረቤት ሄዶ ያያል።

ስለ ሶጁ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ኮሪያውያን አልኮል ማጣራትን ያወቁት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞንጎሎች ሲመጡ ሲሆን፣ ሞንጎሎቹ ጥበቡን ያገኙት ከምዕራብ እስያ ነበር። በዚህም የተነሣ በአንዳንድ የኮሪያ አካባቢ ሶጁ «አራክጁ» ይባል ነበር። ቃሉ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ የእኛው አገር አረቄም እንደዚያው። ስሙ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ሐራምነቱ ያው ነው።

መጎንበስ፣ ዕድሜና አክብሮት

አማርኛ ተናጋሪ የኮሪያን ድራማ ሲያይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ የሚገባው ነገር አለ። ኮሪያኛ እንደ እኛው «አንተ»ን እና «እርስዎ»ን ይለያል፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ ደረጃ አለው፤ የግሡ መጨረሻ እንደ አድማጩ ክብር ይለዋወጣል። አንዲት ገጸ ባሕርይ ድንገት ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ስትወርድ ትልቅ ነገር ሆኗል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ይህን ሁሉ ይውጠዋል። ሰዎች ገና እንደተዋወቁ ዕድሜ የሚጠያየቁትም ከወሬ ወዳድነት አይደለም፤ በየትኛው አጠራር እንደሚነጋገሩ ለመወሰን ነው። ዕቃ ለታላቅ ሲሰጥ በሁለት እጅ መስጠት፣ ጫማ አውልቆ መግባት፣ ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ አለመጀመር፣ «በልተሃል?» ብሎ ሰላም ማለት፤ እነዚህ ሁሉ ለእኛ ቤት ልጅ እንግዳ አይደሉም።

መስመር የሚሰመርበት ቦታ ግን አለ። በአዲስ ዓመት በዓል ልጆች ለታላላቆቻቸው ግንባራቸው መሬት እስኪደርስ ይሰግዳሉ፤ «ሴቤ» ይሉታል። በዚሁ በዓልና በመኸሩ በዓል ቹሶክ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ለሞቱ አያቶች ማዕድ ዘርግቶ ይሰግዳል። ሱጁድ ለአላህ ብቻ መሆኑ ለሙስሊም የማያከራክር ነው፤ ለሙታን የሚደረገው ደግሞ የተውሒድ ጉዳይ በመሆኑ «ባህል ነው» ተብሎ አይታለፍም። በዚያ ሥርዓት ላይ ከቀረበው ምግብም መራቅ ይገባል። ለዕለት ተዕለት ሰላምታ እንደ ሩኩዕ ወገብን ማጎንበስን ዑለማዎች ይከለክሉታል ወይም ይጠሉታል፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ራስን መነቅነቅ ግን ችግር የለበትም፣ ኮሪያውያንም አክብሮት መሆኑ ይገባቸዋል። ለሴት እህቶች ጥሩ ዜና አለ፤ እዚያ አገር እጅ ለእጅ መጨባበጥ የግድ አይደለም።

ማዕዱ

የኮሪያ ማዕድ ዋናው ነገር ማብላላት ነው። ኪምቺ ማለት ጎመን ወይም ራዲሽ በጨው ተመቶ፣ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ታሽቶ እንዲብላላ የሚቀመጥ ነው። በመከር መጨረሻ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምቱን ኪምቺ በጅምላ ያዘጋጃል፤ ይህ «ኪምጃንግ» የተባለው ልማድ በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እኛ አገር በርበሬ ሲደለዝ የሚሰበሰቡትን ሴቶች ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በርበሬው ራሱ ለእነሱም ለእኛም መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ዛሬ ግን ከሁለታችንም ወጥ ቤት ቢወጣ የሚተካው የለም። «ጎቹጃንግ» የሚሉት ቀይ ድልህ አዋዜን ለሚወድ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልገውም።

ታዲያ ኪምቺ ሐላል ነው? መነሻው አትክልት ነው። ብዙውን ጊዜ «ጆትጋል» የሚባል በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ወይም ትንንሽ ዓሣ ይገባበታል። በሻፊዒይ መዝሀብ የባሕር እንስሳት በጥቅሉ የተፈቀዱ በመሆናቸው ይህ አያሳስብም። የሐነፊይ መዝሀብ ተከታይ ግን ከባሕር የሚፈቀድለት ዓሣ በመሆኑ ስለ ሽሪምፑ ዑለማዎቹን ይጠይቅ፤ ኦክቶፐስና ዛጎል ለበሶቹን ይተው። ሲብላላ በራሱ የሚፈጠር፣ ብዙ ቢበላም የማያሰክር ኢምንት አልኮል በብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ዘንድ ምግቡን ሐራም አያደርገውም። ኮምጣጤን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ማባያ ማወደሳቸውም የታወቀ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሆን ተብሎ የሚጨመረው ነው። በፋብሪካ የሚታሸጉ ጎቹጃንግና አኩሪ አተር ሶሶች ውስጥ እንዳይበላሹ ተብሎ «ጁጆንግ» የሚባል አልኮል የሚጨመርባቸው አሉ። ምግብ ቤቶችም የሥጋን ሽታ ለማጥፋት በሩዝ ወይን ወይም በሶጁ ይዘፈዝፋሉ። ስለዚህ «አሳማ የለበትም» መባሉ ብቻውን አይበቃም።

ሥጋውስ? ኮሪያ አሳማ በብዛት የሚበላባት አገር ናት። «ሳምግዮፕሳል» የሚባለው ጠረጴዛ ላይ የሚጠበሰው ሥጋ፣ በድራማ ላይ ምራቅ የሚያስውጠው፣ የአሳማ ሆድ ነው። የበሬና የዶሮው ጉዳይም ቀላል አይደለም። አንዳንድ ሰው «የኪታብ ባለቤቶች ምግብ ተፈቅዷል» ብሎ በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ሊከራከር ይሞክራል። የኮሪያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሃይማኖት የለኝም የሚል ነው፣ ቀሪው ክርስቲያንና ቡድሂስት ነው፤ አራጁ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እንስሳውም በአብዛኛው በማሽን ነው የሚታረደው። እንዲህ ባለበት ሁኔታ መነሻው ያልታወቀን ሥጋ መተው ነው የሚሻለው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በራሳችን አገር እንኳ የሥጋ ቤቱን ምልክት አይተን የምንገባ ነን፤ እዚያ ደርሰን የምንላላበት ምክንያት የለም።

የኮሪያ ቱሪዝም ድርጅት ለሙስሊም ተጓዦች የሚሆኑ ምግብ ቤቶችን በአራት ከፍሎ ያስቀምጣል፤ ልዩነቱን አለማወቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። በኮሪያ ሙስሊሞች ፌዴሬሽን የሐላል ማረጋገጫ የተሰጠው አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ሐላል ነው ብሎ ያሳወቀው አለ፤ «ለሙስሊም ተስማሚ» የተባለው ሐላል ምግብ ቢኖረውም መጠጥ ሊሸጥ ይችላል። የመጨረሻው «ከአሳማ ነፃ» የሚለው ነው፤ እሱ አሳማ አለመኖሩን እንጂ ሥጋው ሐላል መሆኑን አይናገርም። በዚህኛው ውስጥ የሚበላው አትክልትና ዓሣ ነው፣ ያውም አልኮል መጨመሩ ተጠይቆ።

ፓኬት ኑድል ለሚወዱም አንድ ቃል። የታወቁት የኮሪያ ኑድሎች የሐላል ማኅተም ያለባቸው ዓይነቶች አሏቸው፤ ነገር ግን ወደ ውጭ የሚላከውና እዚያው ኮሪያ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ሊለያይ ይችላል። ማኅተሙን እንጂ የፓኬቱን ቀለም አትመኑ። ለመጠየቅ የሚረዱ ቃላት እነዚህ ናቸው፦ «ድዌጂጎጊ» የአሳማ ሥጋ፣ «ሶጎጊ» የበሬ ሥጋ፣ «ዳክ» ዶሮ፣ «ሱል» መጠጥ። የኮሪያን ፊደል ማንበብ መማር ደግሞ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 ያስቀረጸው በ1446 ለሕዝቡ ያወጣው ይህ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ጉብታ ያስቀምጣል፤ ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም።

ሥጋ ሳይነኩ ኮሪያን መቅመስ ለሚሻ፣ ቢቢምባፕ ይዘዝ። ሩዝ፣ ልዩ ልዩ አትክልት፣ እንቁላልና ጎቹጃንግ ነው፤ ሥጋው እንዲቀር ይጠየቃል፣ ድልሁም ይጣራል።

እስልምና እዚያ አዲስ አይደለም

ድራማው የማይነግረን ታሪክ አለ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ኹርዳዝቢህ ከቻይና ማዶ «ሲላ» ስለምትባል ወርቅ የሞላባት አገር ጽፏል፤ ወደዚያ የሄዱ ሙስሊሞች በአገሩ ማማር ተማርከው እዚያው ይቀሩ እንደነበርም ያወሳል። ሲላ የዛሬዋ ኮሪያ ናት። በ11ኛው ክፍለ ዘመንም የዐረብ ነጋዴዎች ወደ ጎርዮ ቤተ መንግሥት መምጣታቸውን የኮሪያ ዜና መዋዕል መዝግቦታል።

በሞንጎሎች ዘመን የመጡት ሙስሊሞች ማኅበረሰብ መሥርተው ነበር። የራሳቸው ልብስ፣ የራሳቸው ጥምጣም፣ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥት በዓላት ላይ ቀርበው ዱዓእ ያደርጉ ነበር። ያ ፊደል የቀረጸው ሴጆንግ ሊቃውንቱን አሰማርቶ የሙስሊሞችን የሥነ ፈለክ ስሌት መሠረት ያደረገ የቀን አቆጣጠር መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በዚሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1427፣ ሙስሊሞቹ ልብሳቸውንና ሥርዓታቸውን ትተው እንደ አገሬው እንዲሆኑ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ ከታሪክ ጠፋ። የሚያሳዝነው እውቀታቸው ተፈልጎ እነሱ ግን አለመፈለጋቸው ነው።

እስልምና እንደገና የገባው በጦርነት መሃል ነው። በ1950 የተላከው የቱርክ ብርጌድ ኢማሞች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ አብዱልገፉር ቀራኢስማኢልኦግሉ ለኮሪያውያን ዳዕዋ አደረጉ፣ የሰለሙትም በ1955 ማኅበር መሠረቱ። ቱርኮቹ ሱዎን ከተማ ውስጥ ወላጅ ላጡ ሕፃናት «አንካራ» የሚባል ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። በ2017 የወጣው «አይላ» የተሰኘው የቱርክ ፊልም አንድ ወታደር አንዲት ኮሪያዊት ሕፃን አግኝቶ እንደ ልጁ ማሳደጉን፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም መገናኘታቸውን የሚተርክ ሲሆን መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። የኮሪያን ድራማ ለሚወዱ ልጆች ወላጅ ሊያቀርብ የሚችለው ጥሩ አማራጭ ይመስለናል።

በሴኡል ኢቴዎን ኮረብታ ላይ ያለው ማዕከላዊ መስጂድ በ1976 ተከፈተ። መሬቱን የሰጠው የኮሪያ መንግሥት ሲሆን ግንባታው በሳዑዲ ዐረቢያና በሌሎች ሙስሊም አገሮች ገንዘብ ተሠራ። በአካባቢው ሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች አሉ፤ በዚያው ሰፈር የምሽት መጠጥ ቤቶችም ስላሉ ከዒሻእ በኋላ መንገዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ቡሳን ውስጥም በ1980 የተከፈተ መስጂድ አለ። የቁርኣንን መልእክት ወደ ኮሪያኛ የተረጎሙት ሐሚድ ቾይ ዮንግ ኪል ራሳቸው ኮሪያዊ ናቸው።

ዛሬ ሁሉም ነገር የሞቀ አቀባበል ነው ብንል ግን መንገደኛውን መሸንገል ይሆናል። በ2018 ወደ ጄጁ ደሴት 500 ያህል የመናውያን ስደተኞች ሲገቡ ከ700 ሺህ በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አሰባስቧል፤ ሙሉ የስደተኝነት ዕውቅና ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አብዛኞቹ በጊዜያዊ ፈቃድ ቆዩ። ዴጉ ከተማ ውስጥ ሙስሊም ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ መስጂድ ሲያስገነቡ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ በመስከረም 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመስጂዱ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ የግንባታው ቦታ አጠገብ የአሳማ ራስ ተቀመጠ። በድራማ ፍቅር ብቻ የሚሄድ ወጣት ይህን ሳያውቅ ቢደርስ ልቡ ይሰበራል። አውቆ የሄደ ግን ፍርድ ቤቱ ከማን ጋር እንደቆመም፣ ከተማሪዎቹ ጎን የቆሙ ኮሪያውያን እንደነበሩም ያስታውሳል።

ለሚሄዱ

ቂብላው ያደናግራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፊታችንን ወደ ሰሜን ማዞር ለምዶብናል፤ ከሴኡል ግን መካ ያለችው ወደ ምዕራብ፣ በመጠኑ ወደ ሰሜን ባዘነበለ አቅጣጫ ነው። ቀኑም ከእኛ ጋር አይመሳሰልም፤ በሰኔ ወር የሚጾም ሰው ከፈጅር እስከ መግሪብ ከ16 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ በታኅሣሥ ግን ቀኑ ሳይጀመር የሚያልቅ ይመስላል። በ2002 «ዊንተር ሶናታ» የተባለው ድራማ ታዋቂ ያደረጋት ናሚ ደሴት ለሙስሊም ጎብኚዎች መስገጃ ክፍል አላት።

ከናሚ ደሴት ብዙም ሳይርቅ ቹንቾን ከተማ አለች። ከሴኡል በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ኢትዮጵያዊ ኮሪያ ደርሶ ቹንቾንን ሳያይ ቢመለስ የሚቆጨው ነገር ነው። በ1951 ቡሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃ በዚያ አካባቢ ተዋግቷል፤ በየተራ ከዘመቱት 6,037 ወታደሮች ከ120 በላይ ሲወድቁ አንድም አልተማረከም። በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሐውልት ቆመ፤ በ2007 ደግሞ ጣራው የአገራችንን ጎጆ የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። ከሐውልቱ አጠገብ በዚያው በ1968 የተከፈተ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፤ ከውኃው ዳር ነው። ከተማዋ የምትታወቅበት ምግብ «ዳክካልቢ» ነው፤ በጎቹጃንግ የተለወሰ ዶሮ ከጎመን ጋር በሰፊ ምጣድ ላይ ይጠበሳል፣ ሽታው ከመንገድ ማዶ ይጣራል። ዶሮው በሐላል መታረዱ ያልተረጋገጠ ከሆነ እሱ ይለፍ። ቡናው ግን የእኛው ነው።